«ገቢ የለሽም፣ ልጆቹን አታገኚም» ይለኛል፦ የፍቺ፣ የልጅ አሳዳጊነትና የቀለብ ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ፍቺ ናቸው። ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመንዝ፣ ከጫጫ፣ ከእነዋሪ፣ ከደብረ ሲና። ሁሉንም ማውጣት ስለማይቻል የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ ሰው የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። የቤተሰብ ሕጋችን አንድ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። የአማራ ክልል የራሱ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ፍቼና ገርበ ጉራቻ በኩል ያላችሁ ደግሞ፣ ያው እናንተም ሰሜን ሸዋ ናችሁ፣ የምትዳኙት በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው። በዋና ዋናው ነገር ይመሳሰላሉ። እኔ እዚህ አንቀጽ ስጠራ የፌዴራሉን ነው። አቤቱታ ስታስጽፉ ግን የክልላችሁ አንቀጽ ይጠቀስ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። በሰማንያ ከተጋባን 9 ዓመት ሆነን። የ7 ዓመት ሴትና የ3 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ባለቤቴ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ደህና ደመወዝ አለው። እኔ የመጀመሪያዋ ስትወለድ ሥራ አቆምኩ። አሁን በቃ ተጣልተናል፣ ሽማግሌም ገብቶ አልሆነም። «ቤቱ በስሜ ነው፣ ገቢ የለሽም፣ ልጆቹን ፍርድ ቤት የሚሰጠው ለእኔ ነው፣ ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ» ይለኛል። ቤቱን የገዛነው ከተጋባን በኋላ ነው። እናቴ ቤት ልግባ ወይስ ልቆይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባልሽ ካለው ውስጥ እውነቱ ቤቱ በስሙ መሆኑና ገቢ የሌለሽ መሆኑ ብቻ ነው። ሁለቱም እሱ የሚያስበውን ያህል አይጠቅሙትም።

ከቤቱ ልጀምር። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በማንም ስም ይመዝገብ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል (አንቀጽ 63)። ካርታው ላይ የእሱ ስም ብቻ ስላለ የእሱ አይሆንም። «የግሌ ነው» የሚል ሰው ራሱ ነው ማስረዳት ያለበት። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በውርስና በስጦታ ያገኘው ከሆነ ያ ሌላ ነገር ነው። የደመወዙ ቁጠባም፣ የገባበት ዕቁብም የጋራ ነው። ዕቁቡን ሰዎች ይረሱታል። አንቺ እንዳትረሺው፣ ስንት እንደሚጥልና ዳኛው ማን እንደሆነ ጻፊ። በፍቺ ጊዜ የጋራ ንብረት እኩል ይከፈላል። «እኔ ነኝ የሠራሁት፣ እሷ ቤት ነው የተቀመጠችው» የሚል ክርክር ይህን እኩልነት አይነካውም። ሁለት ልጅ ያሳደገ ሰው ተቀመጠ ማለት እንዴት እንደሆነ ደግሞ እኔ አይገባኝም።

አሁን በጣም የምፈራልሽ ቤቱ እንዳይሸጥ ነው። የጋራ የሆነ ቤት ያለሁለታችሁ ስምምነት አይሸጥም፣ ሕጉ ግልጽ ነው። ግን ሰው ሲጣላ ብዙ ነገር ያደርጋል። ስለዚህ የፍቺ አቤቱታሽን ስታስገቢ የእግድ ጥያቄም አብረሽ አስገቢ። ፍርድ ቤቱ ለማዘጋጃ ቤቱ ይጽፋል፣ ስም ማዛወር ይቆማል። ሌላም ጠብቂ። ፍቺ ሲመጣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዕዳ ብቅ ይላል። የወንድም፣ የአጎት፣ የጓደኛ የብድር ውል። ቀኑ የቆየ፣ ወረቀቱ አዲስ። ሕጉ ከ500 ብር በላይ መበደር የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃል ይላል። 500 ብር ዛሬ አንድ ዶሮ አይገዛም፣ ሕጉ ሲወጣ ግን ብር ብር ነበር። ቁጥሩ ያረጀ ቢሆንም መርሁ ያገለግልሻል። ያልፈረምሽበትና ለቤት ያልዋለ ዕዳ ሲቀርብ ዝም ብለሽ አትቀበዪ፣ ተከራከሪ።

ልጆቹን በተመለከተ። ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን፣ ቀለባቸውን፣ ከወላጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚገናኙ አብሮ ይወስናል (አንቀጽ 113)። የሚመለከተው የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ነው። አየሽ፣ ገቢ አንዱ መመዘኛ ነው፣ ብቸኛው አይደለም። ገቢ ያለው ሁሉ ልጅ ይወስዳል ቢባል ኖሮ ቀለብ የሚባል ነገር ለምን ያስፈልግ ነበር? ልጆቹ ከአንቺ ጋር ሆነው አባት ከደመወዙ እንዲቆርጥላቸው ነው ቀለብ ያለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በስተቀር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ለእናት ይሰጥ ነበር። የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ ይህን የዕድሜ ገደብ ትቶ የልጁን ጥቅም አስቀደመ። ስለዚህ «ትንሽ ስለሆነ የግድ የእኔ ነው» ብለሽም አትተማመኚ። እስከ ዛሬ ማን እንዳሳደጋቸው፣ ማን ሐኪም ቤት እንደወሰዳቸው፣ ትምህርት ቤት ማን እንደሚመላለስ አስረጂ። የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ደብተር፣ ጎረቤት ምስክር። የ7 ዓመቷን ዳኛው ለብቻዋ ሊያናግራት ይችላል። ምን ማለት እንዳለባት አታስጠኛት። ዳኞች ያውቁታል።

ፍቺ ለማግኘት የባልሽን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። በድሮው ሕግ ምንዝርና መኮብለል «ከባድ ምክንያት» እየተባሉ ይቆጠሩ ነበር። አሁን ከሁለት አንዳችሁ ብቻችሁን አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ (አንቀጽ 76)። ጥፋት ካለና ጉዳት ካደረሰ ካሳ ሊጠየቅበት ይችላል፣ ፍቺውን ግን አያስቀረውም። ዳኛው በመጀመሪያ እንድትታረቁ ያግባባል፣ ወደ መረጣችኋቸው ሽማግሌዎች ሊመልሳችሁ ይችላል፣ ወይም እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ጊዜ ሰው የሚራብበት እንዳይሆን ሕጉ ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን እንደተቀበለ ወዲያው ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱ አስተዳደር ትእዛዝ ይስጥ ይላል (አንቀጽ 82)። ስለዚህ «ጊዜያዊ ቀለብ ይቆረጥልኝ፣ ልጆቹ ከእኔ ጋር ይቆዩ» የሚለውን የመጀመሪያው አቤቱታ ላይ ጻፊ። ብዙ ሴቶች ይህን ሳይጠይቁ ለወራት ቀጠሮ እየጠበቁ ይከራረማሉ።

እናቴ ቤት ልግባ ላልሽው፦ ድብደባ ካለ ዛሬውኑ ውጪ፣ ልጆቹንም ይዘሽ። ለፖሊስ አመልክቺ፣ ጤና ጣቢያ ታይተሽ የሕክምና ማስረጃ ያዢ። ድብደባ ከሌለና ጭቅጭቅ ብቻ ከሆነ ግን ልጆቹን ትተሽ አትውጪ። ከወጣሽ ወዲያ ልጆቹ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ከእሱ ጋር ቆይተው «ለምደዋል» የሚል ክርክር ይመጣል፣ ያንን ማሸነፍ ከባድ ነው። አንዳችሁ ከቤት መውጣት ያለባችሁ ከሆነም ማን እንደሚወጣ የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው፣ ሲወስንም የልጆቹን ጥቅም ያያል። ማን ያውቃል፣ ሻንጣ የሚይዘው እሱ ሊሆን ይችላል።

ደመወዙን አላውቅም ብለሽ አትጨነቂ። ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ጽፎ ያስልካል።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት እነግዳለሁ። ከባለቤቴ ጋር በፍርድ ቤት ተፋተናል። የ6 ዓመት ልጃችን ከእሷ ጋር እንዲኖር፣ እኔ በየወሩ 3,000 ብር እንድከፍልና በየ15 ቀኑ ልጄን እንዳገኝ ተወሰነ። እሷ ሳትነግረኝ አዲስ አበባ ገባች። ስደውል አታነሳም። ልጄን ካየሁ ከፋሲካ ወዲህ ነው። ጓደኞቼ «ቀለቡን አቁም፣ ራሷ ልጁን ይዛ ትመጣለች» ይሉኛል። ላቁም?

መልስ፦ አያቁሙ።

ጓደኞችዎ ለእርስዎ አዝነው ነው፣ ግን ምክራቸው ሌላ ክስ ይጨምርብዎታል። ቀለቡ የእሷ አይደለም፣ የልጅዎ ነው። እሷ ስላጠፋች ልጁ ጾሙን አያድርም። ሕጉም ቀለብና ጉብኝትን አንዱን የሌላው መያዣ አላደረጋቸውም። ባይከፍሉ ውሳኔውን በግድ የሚያስፈጽም የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈትብዎታል። ከዚያም አልፎ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ወንጀል ነው። ቀላል እስራት ወይም መቀጮ አለው። ያኔ «ልጄን ከለከለችኝ» ብለው ችሎት ፊት ሲቆሙ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቅዎ «ከፍለዋል?» የሚለውን ነው።

ተቃራኒውንም ላስቀምጥ፣ ይህን የምታነብ እናት ካለች ለእሷም ነው። አባት ቀለብ ስላልከፈለ ልጅን መደበቅ አይቻልም። ያልተከፈለው በአፈጻጸም ይጠየቃል፣ ልጅ አይታሰርበትም።

እንግዲህ የእርስዎ እጅ ባዶ አይደለም። ውሳኔው የእሷን ግዴታም ይዟል። ውሳኔውን የሰጠው ፍርድ ቤት ይሂዱና የጉብኝቱ ክፍል እንዲፈጸም የአፈጻጸም አቤቱታ ያስገቡ። የት እንደምትኖር ካላወቁ የቅርብ ዘመዶቿን አድራሻ ይስጡ። መጥሪያ ይደርሳታል። ሁለተኛው መንገድ ውሳኔው እንዲሻሻል መጠየቅ ነው። የልጅ አሳዳጊነትና የጉብኝት ውሳኔ ሁኔታው ሲለወጥ ሊለወጥ የሚችል ነው፣ እሷ ከተማ መቀየሯ ደግሞ ሁኔታ ተለወጠ የሚባለው ራሱ ነው። በየ15 ቀኑ ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ መመላለስ ለእርስዎም ለልጁም አይሆንም። ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን በከፊል ከእርስዎ ጋር እንዲሆን፣ ገናንና ፋሲካን እየተፈራረቃችሁ እንድትወስዱት፣ በሳምንት ይህን ያህል ቀን በስልክ እንዲያናግርዎ ብለው ዝርዝር አድርገው ይጠይቁ። «ልጄን በፈለግሁ ጊዜ ላግኝ» ብለው አይጻፉ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ለማስፈጸም አስቸጋሪ ነው።

ገንዘቡን በእጅ አይስጡ፣ በዘመድም አይላኩ። በባንክ ወይም በቴሌብር ይላኩ፣ ምክንያቱ ላይ «የልጅ ቀለብ፣ የዚህ ወር» ብለው ይጻፉ። ስልክ አታነሳም ላሉትም ጨዋ የሆነ አጭር መልእክት በጽሑፍ ይላኩ። ስድብ አይኑርበት፣ ያ መልእክት አንድ ቀን ችሎት ይቀርባል።

ሽንኩርት ረክሶ 3,000 ብር ያቃተዎት ጊዜ ቢመጣም ዝም ብለው መቀነስ የለም። የቀለብ መጠን የሚወሰነው በተቀባዩ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው፣ አቅምዎ ሲወርድ ይቀነስልኝ፣ የእሷም ጥያቄ ሲጨምር ይጨመርልኝ ማለት ይቻላል። ግን ፍርድ ቤቱ እስኪያሻሽለው ድረስ የተወሰነው ይከፈላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መሐል ሜዳ ነኝ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የጎረቤት ልጅ ነው። ልጄ ቤሩት ከሄደች 5 ዓመቷ ነው። ስትሄድ ልጇን ለእኔ ትታ ነው፣ አሁን 8 ዓመቱ ነው። ከአባትየው ጋር በፍርድ ቤት ተፋትተዋል፣ ልጁ ለእሷ ተወስኖ ነበር። አባትየው እስከ ዛሬ አንዲት እስክርቢቶ አልገዛለትም። አሁን ሌላ አግብቶ አዲስ አበባ ተቀምጦ «ክረምት መጥቼ እወስደዋለሁ፣ አያት መብት የላትም» አለኝ። ልጁ ሲሰማ አልቅሶ ታመመ። ይወስድብኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ጻፉልኝ። መጥቶ እጁን ይዞ መሄድ አይችልም። ይህን በመጀመሪያ ይወቁና ይረጋጉ።

ልጁ ለእናቱ ነው የተወሰነው ብለዋል። ያ ውሳኔ አለ። አባትየው ልቀይረው ካለ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስቀየር አለበት፣ በጉልበት የሚሆን ነገር አይደለም። ስለዚህ የፍቺውን ውሳኔ ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ያስወጡና ቤትዎ ያስቀምጡ። መጥቶ ቢያስቸግር ለቀበሌውም ለፖሊስም የሚያሳዩት ወረቀት እሱ ነው።

ግን አልዋሽዎትም፣ እሱም የሚከራከርበት ነገር አለው። «እናቱ እዚህ የለችም፣ እኔ አባት ነኝ» ይላል። በሕጉ የልጅ አሳዳጊና ሞግዚት በመጀመሪያ አባትና እናት ናቸው፣ አያት ከእነሱ በኋላ ነው የምትመጣው። አባትነቱን ማንም አይክደውም፣ ልጁን የማግኘት መብትም አለው። ጥያቄው ልጁ ከማን ጋር ቢኖር ይጠቅመዋል የሚለው ነው።

በዚህ ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ አለ፣ ጠበቃ ሁሉ የሚያውቀው ነው። እናቱ የሞተችበት ሕፃን ነው። ያሳደገችው አክስቱ ናት። አባት መጣና «እናት ከሞተች ሞግዚቱ እኔ ነኝ፣ ሕጉ እንዲህ ይላል» አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች እሺ አሉት። ሰበር ግን ሻረው። ከአንቀጹ በላይ የሕፃኑ ጥቅም ይቀድማል አለ፣ ሕገ መንግሥቱን (አንቀጽ 36) እና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ። ሰበር የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለ ፍርድ ቤት የሚከተለው ነው። የእርስዎ ጉዳይ ከዚያ ይለያል፣ የልጁ እናት በሕይወት አለች፣ ያ ደግሞ ያጠናክርዎታል እንጂ አያዳክምዎትም።

አሁን ማድረግ ያለባችሁን ልንገርዎ፣ ጎረቤትዎ ጽፎ ይያዝልዎ። ልጅዎ ቤሩት ባለው ቆንስላችን ቀርባ ለእርስዎ የውክልና ሥልጣን ትስጥ። ውክልናው ላይ ስለ ልጁ በፍርድ ቤት መክሰስ፣ መከሰስ፣ መከራከር፣ ቀለብ መጠየቅና መቀበል የሚሉት ቃላት በግልጽ ይጻፉ። «በሁሉም ጉዳይ ትወከል» ብቻ ከሆነ ችሎት ላይ ያስቸግራል። ውክልናው ሲመጣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት፣ ይህን ሰዎች ይዘሉትና መዝገብ ይመለስባቸዋል።

ከዚያ ሳይቀድምዎ እርስዎ ይቅደሙ። በልጁ ስም የቀለብ አቤቱታ ያስገቡበት። ይህ ብልጠት አይደለም፣ የልጁ መብት ነው። ለ5 ዓመት ያላለበሰ አባት ልጁን የሚፈልገው ከሆነ በጫማና በደብተር ይጀምር። ለጠበቃ ገንዘብ ከሌለዎት የወረዳውን ፍትሕ ጽሕፈት ቤት፣ ወይም የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍልም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ለዳኝነት መክፈል ካልቻሉም በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል።

ልጁን ደግሞ አያስፈራሩት። አባቱ ሊያየው ቢመጣ ቤትዎ ተቀምጦ ቡና ጠጥቶ ይየው፣ ምስክር ባለበት። የሚከለክሉ ሳይሆን የሚያሳድጉ መሆንዎን ዳኛው ማየት አለበት።

ጥያቄ፦ ጫጫ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ከ6 ዓመት በፊት በሽማግሌ ተፈራርመን ተለያየን፣ ከብቱንም እቃውንም ተካፈልን። ወረቀቱ አለኝ። አሁን ሌላ ልታገባ ነው አሉ። እኔም ሰው አግኝቻለሁ። ተፋተናል አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚያ ወረቀት ብቻ አይደለም። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያከፋፍላል፣ ያፈርማል። ጋብቻ የማፍረስ ሥልጣን ግን የፍርድ ቤት ብቻ ነው (አንቀጽ 117)። በድሮው ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺ ይወስኑ ስለነበር ነው ይህ ነገር በሰው ልብ የቀረው። ለረጅም ዓመታት ተለያይተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኑሮ ሲመሠርቱ ጋብቻው እንደፈረሰ የተቆጠረባቸው የሰበር ውሳኔዎች አሉ፣ ግን እሱ ከክርክር በኋላ የሚገኝ ነገር ነው። በሁለት ጋብቻ ወንጀል ተከስሰህ ያንን ከምትከራከር አሁን ጨርሰው።

ደግሞ የእናንተ ቀላሉ ነው። ሁለታችሁም ተስማምታችኋል፣ ንብረት ተካፍላችኋል። በስምምነት የመፋታት አቤቱታ አንድ ላይ አስገቡ፣ የሽማግሌውን ወረቀት አያይዙ። ዳኛው ፈቃዳችሁ እውነተኛ መሆኑን ጠይቆ ያጸድቃል። ከዚያ የፍርዱን ግልባጭ ይዘህ ቀበሌ፣ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ የፍቺ ምስክር ወረቀት አውጣ። አዲሱ ጋብቻ ሲመዘገብ ይጠየቃል። በቁርባን ከነበራችሁ የቤተ ክርስቲያኑ ነገር ለብቻው ነው፣ እሱን ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር።

ጥያቄ፦ እነዋሪ አካባቢ ነው የምኖረው። ባለቤቴ ልፍታሽ አለኝ። መሬታችን ደብተሩ ላይ የሁለታችንም ስም አለ። እሱ ግን «ግማሹ የአባቴ ውርስ ነው፣ ስንዴውም የእኔ ጉልበት ነው» ይላል። ማሳው ላይ ስንዴ አለ። ባዶ እጄን ልወጣ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብተሩን የት እንዳለ እወቂ። ቤት ከሆነ ኮፒ አስደርጊ፣ ከሌለም የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ አለው። የገጠር መሬት አይሸጥም፣ የምትካፈሉት የመጠቀም መብቱን ነው፣ በዚህ ባልና ሚስት እኩል ናችሁ። የሁለታችሁ ስም ያለበት ደብተር ትልቅ ማስረጃሽ ነው። በውርስ መጣ የሚለውን የትኛው ቁራሽ እንደሆነ፣ መቼ እንደተላለፈለት እሱ ያስረዳ። መሬቱ ትንሽ ሆኖ ከዝቅተኛው የይዞታ መጠን በታች የሚቆራረጥ ከሆነ መቁረስ አይቻልም፣ ያኔ በጋራ መጠቀም ወይም ሌላ መፍትሔ ይፈለጋል።

ስንዴው የጋራ ነው። «የእኔ ጉልበት» የሚባል የለም፣ ያረመው ማን ነው? አጨዳው ሳይደርስ አቤቱታ አስገቢና ምርቱ እስኪወሰን ድረስ በታዛቢ ተሰብስቦ እንዲቀመጥ ጠይቂ። አንዴ ገበያ ከወጣ ወዲያ ስንት ኩንታል እንደነበር የምስክር ክርክር ይሆናል። በሬዎቹንም፣ ጭዱንም ዘርዝሪ። የማዳበሪያ ዕዳ ካለ እሱም የጋራ ነው፣ ያንን አትደብቂ።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና። 4 ዓመት አብረን ኖረናል፣ አልተፈራረምንም። የ2 ዓመት ልጅ አለችን። ባጃጅ ነው የሚነዳው፣ ባጃጁን የገዛነው አብረን እያለን ነው። ሌላ ይዞ ወጣ። ቀለብ ስለው «አላገባሁሽም፣ ደመወዝ የለኝም፣ ከፈለግሽ ክሰሺ» ይላል። አሁን ደግሞ «ልጅቷም የእኔ መሆኗን በምን አውቃለሁ» ማለት ጀምሯል።

መልስ፦ ክሰሺው። እሱ ራሱ ፈቅዶልሻል።

ለልጅ ቀለብ ጋብቻ አያስፈልግም። አባት መሆን ይበቃል። አባት መሆኑን ለካደው ደግሞ፦ እንደ ባልና ሚስት አብረው በኖሩ ሰዎች መካከል የተወለደ ልጅ አባቱ አብሯት የኖረው ሰው ነው ተብሎ ይገመታል። አብራችሁ መኖራችሁን አስረጂ። አከራያችሁን፣ ጎረቤት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ አባት ተብሎ ፈርሞ ከሆነ እሱን፣ ክርስትና ላይ አባት ሆኖ የተነሳውን ፎቶ። ክዶ ከገፋበት የዲኤንኤ ምርመራ እንዲታዘዝ መጠየቅ ይቻላል፣ ብዙ ወንድ ምርመራው ሲነሳ ያምናል።

ባጃጇም አለች። ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ሰዎች ግንኙነታቸው ቢያንስ 3 ዓመት ከቆየ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው (አንቀጽ 102)። እናንተ 4 ዓመት ኖራችኋል። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ አጣሪ፣ እንዳይሸጥ እግድ ጠይቂ። ይህን ግን ከቀለቡ ጋር አንድ ላይ አጠላልፈሽ ቀለቡ እንዳይጓተት። ቀለቡ ይቅደም።

ደመወዝ የለኝም ማለት ገቢ የለኝም ማለት አይደለም። በቀን ስንት እንደሚያስገባ ሌሎች ባጃጅ ነጂዎች ያውቃሉ፣ ከመካከላቸው የሚመሰክርልሽ ፈልጊ። ዳኛው የልጅቷን ወጪና የእሱን አቅም አይቶ ይቆርጣል። ስለዚህ ወጪሽን በዝርዝር ይዘሽ ቅረቢ። ወተት፣ ዳቦ፣ ልብስ፣ ሐኪም፣ የቤት ኪራይ። «በቂ ቀለብ ይቆረጥልኝ» ከሚል አቤቱታ በወር ይህን ያህል የሚል ይሻላል።

ከተወሰነ በኋላ አንድ ወር ካልከፈለ በሁለተኛው ወር አፈጻጸም ክፈቺ። «ይከፍላል፣ ትንሽ ልታገሰው» አትበዪ። 3 ወር ሳይጠየቅ ያለፈ ቀለብ በኋላ ለመጠየቅ አስቸጋሪ ነው፣ ለልጅቷ የግድ ያስፈልግ እንደነበር አስረጂ ትባያለሽ። ፍርድ ቤት በክረምት ሲዘጋም ተረኛ ችሎት አለ። ሬጅስትራሩ (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ኃላፊ) ዘንድ ሄደሽ የቀለብ ጉዳይ ነው በይው፣ አቤቱታውን፣ የልጅቷን የልደት ወረቀትና የምስክሮችሽን ስም ዝርዝር በሁለት ኮፒ ይዘሽ።